ምኑን ነው የምጠብቀው? ፕሮቲን የማይሠሩ አርኤንኤዎችና የደም ካንሰር አካሄድ

እንደምን አመሻችሁ። በሥራ ቀን፣ በዚህ ሁሉ የታክሲ ሰልፍ መሀል እዚህ ድረስ ስለመጣችሁ ከልቤ አመሰግናለሁ። ከመካከላችሁ የሕክምና ተማሪዎች አላችሁ። ቤታችሁ ታማሚ ያላችሁም እንዳላችሁ በር ላይ ስንጨዋወት ተረድቻለሁ። ለሁለታችሁም እንዲሆን አድርጌ ለመናገር እሞክራለሁ።

ነገሩን ከአጎቴ ልጀምር። ታሪኩን እንድናገር ራሱ ፈቅዶልኛል።

አጎቴ የዓይን ሞራውን ሊያስወግድ ሆስፒታል ሄደ። ከቀዶ ሕክምናው በፊት እንደ ወትሮው ሲቢሲ፣ ማለትም የደም ሴሎች ቆጠራ፣ ታዘዘለት። ነጭ የደም ሴሉ 48,000 ሆኖ መጣ። ጤነኛ ሰው ላይ በአንድ ማይክሮ ሊትር ደም ውስጥ ከ4,000 እስከ 11,000 ነው የሚጠበቀው። ሌላ ቦታ ተደገመ። ያው ነው። ምርመራው ቀጠለና በመጨረሻ ክሮኒክ ሊምፎሳይቲክ ሉኬሚያ ተባለ። ሐኪሞች ሲኤልኤል ይሉታል። ቀስ ብሎ የሚሄድ፣ አብዛኛውን ጊዜ በዕድሜ የገፉ ሰዎችን የሚይዝ የደም ካንሰር ነው።

አጎቴን ምንም አያመውም ነበር። ይበላል፣ ይራመዳል፣ እሁድ እሁድ ቆሞ ያስቀድሳል። ሐኪሙ አስቀምጦ በትሕትና አስረዳው። "አሁን መድኃኒት አንጀምርልዎትም። በየሦስት ወሩ እየመጡ እናይዎታለን። እንጠብቃለን" አለው። አጎቴ ቤት ሲገባ ደወለልኝ። ላብራቶሪ ስለምሠራ ዘመድ ሁሉ የምርመራ ወረቀቱን የሚያሳየው ለእኔ ነው። "ካንሰር ነው ካሉኝ በኋላ ጠብቅ ይሉኛል" አለኝ። "ምኑን ነው የምጠብቀው?"

ይህቺ ጥያቄ ናት ዛሬ ያመጣችኝ።

ታማሚ ሁለት ነገር ይጠይቃል። አንደኛው "ምን ሆኜ ነው?" ነው። ሁለተኛው ደግሞ "ምን እሆናለሁ?" ነው። ለመጀመሪያው ጥያቄ ምርመራ መልስ ይሰጣል። ሁለተኛውን ለመመለስ የሚረዳንን ነገር የትንበያ ጠቋሚ እንለዋለን። ዛሬ ለክተን ነገ በሽታው እንዴት እንደሚሄድ የሚነግረን ምልክት ማለት ነው። ሲኤልኤል ላይ ይህ ሁለተኛው ጥያቄ በጣም ይከብዳል። አንዱ ታማሚ ሃያ ዓመት ያለ መድኃኒት ይኖራል። ሌላው በዓመቱ ሕክምና ይፈልጋል። ደማቸውን መስታወት ላይ ለቅልቃችሁ ማይክሮስኮፕ ሥር ብታዩት ግን ሁለቱም አንድ ናቸው። ትንንሽ፣ ክብ፣ ጸጥ ያሉ ሊምፎሳይቶች፤ ከነጭ የደም ሴል ዓይነቶች አንዱ ናቸው። አንዳንዶቹ ስንለቀልቃቸው ይፈርጡና እንደ ፈሰሰ ቀለም ይታያሉ። የትኛው የማን እንደሆነ በዓይን መለየት አይቻልም።

በ1975 ካንቲ ራይ፣ በ1981 ደግሞ ፈረንሳዊው ዣክ ቢኔ በሽታውን በደረጃ የሚከፋፍሉበት መንገድ አወጡ። ዛሬ የምጠራቸው ዓመቶች ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው። የሚያስፈልገው የሐኪም እጅና ሲቢሲ ብቻ ነው። ንፍፊት አለ ወይ? ጣፊያውና ጉበቱ አብጧል ወይ? ሄሞግሎቢኑ ወርዷል ወይ? ደም የሚያረጋው ፕሌትሌቱስ? እስከ ዛሬም ይሠራበታል። በተለይ እንደ እኛ ባለ አገር ይህንን መናቅ አይገባም ባይ ነኝ። ችግሩ በሽታው ዛሬ የት እንደደረሰ እንጂ ወዴት እንደሚሄድ እምብዛም አይነግርም።

ከዚያ በ2000 ሃርትሙት ዶነርና ባልደረቦቹ ከጀርመን አንድ ትልቅ ጥናት አወጡ። የ325 ታማሚዎችን ክሮሞዞም ተመለከቱ። ከክሮሞዞም 17 አጭር ክንድ ላይ ቁራጭ የጠፋባቸው ሰዎች ግማሾቹ ከ32 ወር በላይ አልኖሩም። ከክሮሞዞም 13 ረጅም ክንድ ላይ ብቻ የጠፋባቸው ግን ግማሾቹ ከ133 ወር በላይ ኖረዋል። አንድ በሽታ፣ አንድ ስም፣ ግን አራት እጥፍ ልዩነት።

እዚህ ላይ ቆም እንበል። ይህ ቁጥር የዚያን ዘመን ቁጥር ነው። የዚያን ዘመን መድኃኒት የያዘ ቁጥር ነው። ከዚያ ወዲህ ለሲኤልኤል በ2014 ኢብሩቲኒብ፣ በ2016 ቬኔቶክላክስ አሜሪካ ውስጥ ፈቃድ አገኙ። ክሮሞዞም 17 የጎደለባቸው ሰዎች ዕድል ከድሮው ጋር አይወዳደርም። ስለዚህ ማታ ስልካችሁ ላይ "32 ወር" የሚል አንብባችሁ እንቅልፍ አጥታችሁ እንዳታድሩ። ትንበያ ከመድኃኒቱ ጋር አብሮ ይለወጣል።

የአጎቴ ናሙና ወደ ውጭ ተልኮ ውጤቱ መጣ። የጠፋው ከክሮሞዞም 13 ላይ ብቻ ነው። ሐኪሙ ደስ ብሎት "ጥሩ ዜና ነው" አለው። አጎቴ ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተና እኔን አየኝ። "ጎድሎብኝ ጥሩ ዜና?"

እውነቱን ነው። እንዴት የጎደለ ነገር ጥሩ ዜና ይሆናል? ደግሞስ የጎደለው ምንድነው?

ይህንን ሁለተኛውን ጥያቄ ሳይንቲስቶችም ዓመታት ፈጅተውበታል። ሲኤልኤል ካለባቸው ሰዎች ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ይህንኑ የክሮሞዞም 13 ቁራጭ ያጣሉ። ይህን ያህል ሰው ላይ አንድ ቦታ ከጠፋ፣ እዚያ ቦታ ላይ ካንሰርን የሚከላከል ዘረ-መል አለ ማለት ነው ብለው ፈለጉ። በ1990ዎቹ ስንት ላብራቶሪ ቁራጩን ፊደል በፊደል አነበበው። እዚያ አካባቢ ያገኟቸውን ዘረ-መሎች አንድ በአንድ መረመሩ። ይሄ ነው የሚባል አልተገኘም። ምክንያቱ አሁን ሲታይ ቀላል ነው። ሁሉም የሚፈልገው ፕሮቲን የሚሠራ ዘረ-መል ነበር።

ለሕክምና ተማሪዎች የምታውቁትን ልድገም። ዲኤንኤ ላይ የተጻፈው ወደ አርኤንኤ ይገለበጣል። አርኤንኤው ተነብቦ ፕሮቲን ይሠራል። ሥራ የሚሠራው ፕሮቲኑ ነው ብለን ነው የተማርነው። ነገር ግን ከሦስት ቢሊዮን የዲኤንኤ ፊደሎቻችን ውስጥ ፕሮቲን የሚሠራው 2 በመቶ እንኳን አይሞላም። ዘረ-መሎቹ ወደ 20,000 ገደማ ናቸው። የተቀረውን ሱሱሙ ኦኖ የተባለ ሳይንቲስት በ1972 "ቆሻሻ ዲኤንኤ" አለው። ስሙ ተወዶ ለብዙ ጊዜ ቆየ። እኔም ተማሪ ሆኜ መምህራችን ሰሌዳ ላይ ይህንኑ ሲጽፉ ገልብጫለሁ።

ከዚያ "ቆሻሻ" ከተባለው ውስጥ ብዙው ወደ አርኤንኤ ይገለበጣል። ፕሮቲን ግን አይሠራም። ታዲያ ምን ይሠራል?

ድግስ እናስብ። ድንኳን ተጥሏል። ወጥ የሚሠሩት ጓዳ ናቸው። እንጀራ የሚያቀርቡት፣ ጠላ የሚቀዱት ወዲያ ወዲህ ይላሉ። በሩ ላይ አጋፋሪው ቆሟል። አጋፋሪ ወጥ አይሠራም። እንጀራ አይጋግርም። ጠላ አይቀዳም። ግን ያልበላውን ያስገባል፣ ቦታ ይሰጣል። የበላውን "በሉ እንግዲህ፣ ለሌላው ቦታ ልቀቁ" ብሎ ያስነሳል። ከጓዳ "ወጥ አነሰ" ሲባል በሩን ያዝ ያደርጋል። አጋፋሪ የሌለበትን ድግስ ያየ ሰው ምን እንደምል ይገባዋል። ወጡ ሳይጎድል፣ ሰው ሳይበላ ይቀራል።

ፕሮቲን የማይሠሩት አርኤንኤዎች እንዲህ ናቸው። ሌላው መቼ፣ ምን ያህል እንደሚሠራ ይቆጣጠራሉ። ረጃጅሞች አሉ። ከ200 ፊደል በላይ የሆኑት። ጫፍና ጫፋቸው ተጋጥሞ ቀለበት የሆኑ አሉ። ማይክሮ አርኤንኤ የሚባሉት ደግሞ በጣም ትንንሾቹ ናቸው፣ 22 ፊደል ገደማ። ማይክሮ አርኤንኤ ፕሮቲን ሊሠራ የተዘጋጀ አርኤንኤ ጋር ሄዶ ጅራቱ ላይ ይለጠፋል። ያኔ ያ አርኤንኤ ሳይነበብ ይቀራል ወይም ይበጣጠሳል።

የመጀመሪያው የተገኘው በ1993 ነው። ቪክቶር አምብሮስና ጋሪ ሩቭኩን አንድ ሚሊ ሜትር በምታክል ትል ላይ አገኙት። "የትል ነገር ነው" ተብሎ ብዙም ትኩረት ሳይሰጠው ሰባት ዓመት አለፈ። በ2000 የሩቭኩን ላብራቶሪ ሁለተኛ አገኘ። ይኼኛው ሰው ላይም እንዳለ ታየ። ዛሬ ሰው ላይ ከሺህ በላይ ይታወቃሉ። ሁለቱ ሰዎች በ2024 የኖቤል ሽልማት ተቀብለዋል።

አሁን ወደ ክሮሞዞም 13 እንመለስ። በ2002 ጆርጅ ካሊንና ካርሎ ክሮቼ አሜሪካ ውስጥ ያቺን የምትጠፋ ቁራጭ እንደገና አዩዋት። ፕሮቲን ትተው ትንንሾቹን ፈለጉ። ሁለት ማይክሮ አርኤንኤዎች ጎን ለጎን ተቀምጠው አገኙ። ሚር-15 እና ሚር-16። ከመረመሯቸው የሲኤልኤል ታማሚዎች 68 በመቶ ገደማ ላይ እነዚህ ወይ ጠፍተዋል ወይ ቀንሰዋል። ማይክሮ አርኤንኤ ከካንሰር ጋር ሲያያዝ ይህ የመጀመሪያው ነው።

ምን እንደሚሠሩ በ2005 ታወቀ። ሴል ጊዜው ሲደርስ በሥርዓት መሞት አለበት። ቢሲኤል-2 የሚባል ፕሮቲን ግን ሴሉን "ቁጭ በል፣ አትሂድ" ይለዋል። ሚር-15 እና ሚር-16 ቢሲኤል-2 እንዳይበዛ ይይዙታል። እነሱ ሲጠፉ ቢሲኤል-2 ይበዛል። ሴሉ አልሞትም ይላል። አጋፋሪው የለም፣ የበላው አይነሳም፣ ድንኳኑ ይሞላል። ሲኤልኤል ደግሞ ልክ እንዲህ ያለ በሽታ ነው። ሴሎቹ እንደ እሳት የሚባዙ አይደሉም። የማይሞቱ ናቸው። ሳይሞቱ ይጠራቀማሉ። በ2010 ያንኑ ቁራጭ አይጥ ላይ ቆርጠው ሲያወጡ አይጦቹ ተመሳሳይ በሽታ ያዛቸው። ቬኔቶክላክስ የሚባለው መድኃኒት ራሱን ቢሲኤል-2ን ይዞ ነው ሴሉን የሚያሰናብተው። መድኃኒቱ የመጣው ቢሲኤል-2ን ለረጅም ዘመን ካጠኑ ሌሎች ሰዎች ነው። የሁለቱ ማይክሮ አርኤንኤዎች መጥፋት ግን ሲኤልኤል ላይ ቢሲኤል-2 ለምን እንደሚበዛ ለመረዳት ረድቷል።

የአጎቴ ጥያቄ ግን አልተመለሰም። ካንሰሩን ያመጣው ይህ መጥፋት ከሆነ እንዴት ጥሩ ዜና ይባላል?

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው፤ ሐኪሞችም ጭምር። የበሽታ መነሻና የበሽታ አካሄድ የተለያዩ ነገሮች ናቸው። የክሮሞዞም 13 መጥፋት በሽታውን ያስጀምራል። ግን ሌላ ነገር ካልተጨመረበት ቀስ ብሎ የሚሄድ በሽታ ነው የሚያስጀምረው። ክሮሞዞም 17 ላይ የሚጠፋው ፒ53 ነው፤ የተበላሸ ሴል እንዲቆም ወይም እንዲሞት የሚያደርግ ዘረ-መል። እሱ ሲጠፋ ሴሉ ለድሮው ኪሞ አልበገር ይላል። ሐኪሙ "ጥሩ" ያለው ጤነኛ ከሆነ ሰው ጋር አወዳድሮ አይደለም። ከሌሎች ሲኤልኤል ካለባቸው ሰዎች ጋር አወዳድሮ ነው። ይህንን ለአጎቴ ስነግረው ረጅም ጊዜ ዝም አለ። ከዚያ "ከታሰሩት ውስጥ ቀለል ያለ የተፈረደበት በለኛ" አለ። ከዚህ የተሻለ አድርጌ ማስረዳት አልችልም።

ከ2005 በኋላ ተስፋው ሰማይ ነካ። በዚያው ዓመት እነ ካሊን 13 ማይክሮ አርኤንኤዎችን አንድ ላይ ለክተው ቶሎ ሕክምና የሚያስፈልገውን የሲኤልኤል ታማሚ ከሌላው የሚለይ ምልክት እንዳገኙ ጻፉ። አኪዩት ማይሎይድ ሉኬሚያ በሚባለው ፈጥኖ የሚሄድ የደም ካንሰር ላይ፣ ክሮሞዞማቸው ጤነኛ በሚመስል ታማሚዎች፣ ሚር-181ኤ ከፍ ያለባቸው የተሻለ፣ ሚር-155 ከፍ ያለባቸው ደግሞ የባሰ አካሄድ እንዳላቸው ታየ። ሚር-155ን አይጥ ላይ ከመጠን በላይ እንዲመረት ሲያደርጉ አይጧ ካንሰር ያዛት። በ2008 ሊምፎማ (የሊምፎሳይቶች ካንሰር) ካለባቸው ሰዎች ሴረም ውስጥ፣ ማለትም ደም ከረጋ በኋላ በሚቀረው ፈሳሽ ውስጥ፣ ከእብጠቱ ቁራጭ ሳይወሰድ፣ በደም ብቻ እነዚህን ትንንሾች መለካት ተቻለ። በ2014 ዕድሜያቸው 60 እና ከዚያ በላይ በሆኑ የአኪዩት ማይሎይድ ሉኬሚያ ታማሚዎች ላይ 48 ረጃጅም አርኤንኤዎችን ደምሮ ነጥብ የሚሰጥ መንገድ ወጣ። ማልቲፕል ማይሎማ በሚባለው ሌላ የደም ካንሰር ላይም ማላት-1 የሚባለው ረጅም አርኤንኤ ስሙ ተነሳ። መጀመሪያ የታወቀው በሳንባ ካንሰር ነበር።

አሁን የምጠይቃችሁ ይህንን ነው። ይህ ሁሉ ተጽፎ ዛሬ የትኛው የማዘዣ ወረቀት ላይ "ሚር-155" የሚል ሳጥን አይታችኋል? አይኖርም። በ2016 የወጣው ዓለም አቀፍ የሲኤልኤል ነጥብ አሰጣጥ ዕድሜን፣ ደረጃን፣ ፒ53ን፣ አይጂኤችቪ የሚባለውን ዘረ-መልና ቤታ-2 ማይክሮግሎቡሊን የሚባለውን የደም ፕሮቲን ይዟል። ማይክሮ አርኤንኤ የለበትም። በ2022 የታደሰው የአውሮፓ የአኪዩት ማይሎይድ ሉኬሚያ መመሪያም እንዲሁ።

ለምን? በእጄ ካየሁት ልንገራችሁ።

አንድ ጊዜ ከሴረም ላይ ትንንሽ አርኤንኤዎችን እየለካሁ ነበር። አንድ ጥቅል ናሙና ላይ ሚር-451 እና ሚር-16 ጣሪያ ነክተው መጡ። ሁለት ሳምንት ሙሉ ትልቅ ነገር አግኝቻለሁ ብዬ እንቅልፍ አልነበረኝም። ደጋግሜ ሠራሁት። ያው ነው። ከዚያ አንድ ጠዋት ፍሪዘሩን ከፍቼ ቲዩቦቹን አውጥቼ ብርሃን ላይ ያዝኳቸው። ጤነኛ ሴረም እንደ ቀጭን ሻይ ቢጫ ነው። እነዚያ ሮዝ ነበሩ። ደሙ ከተቀዳ በኋላ በሙቀት ሰዓታት ቆይቷል፣ በመኪና ተንጧል። ቀይ የደም ሴሎቹ ፈርጠዋል። ቀይ የደም ሴል ደግሞ ውስጡ ሚር-451 እና ሚር-16 የሞላ ነው። የለካሁት ካንሰሩን ሳይሆን የመንገዱን ንጠት ነበር። ናሙናዎቹን ስጥላቸው እጄ ተንቀጠቀጠ። እያንዳንዱ ቲዩብ አንድ ሰው ክንዱን ዘርግቶ የሰጠው ነው።

ሌላም አለ። ይህ ልኬት እንደ ገበያ ሚዛን ነው። በሌላኛው ወገን ድንጋይ ያስፈልገዋል፤ የማይለዋወጥ፣ የምናመሳክርበት ሌላ አርኤንኤ። ብዙ ጥናቶች ድንጋይ አድርገው የወሰዱት ሚር-16ን ነው። ሲኤልኤል ላይ የሚጠፋውን፣ ቀይ ሴል ሲፈርጥ የሚበዛውን! በሚጎድልና በሚሞላ ድንጋይ ስንት ነገር እንደተመዘነ አስቡት። ከዚህ በላይ ደግሞ ጥናቶቹ ብዙዎቹ በጥቂት ሰው ላይ የተሠሩ ናቸው። አንዱ ያገኘውን ሌላው ሲደግመው ቁጥሩ ይሸሻል። "ከዚህ በላይ ከሆነ ከፍተኛ ነው" የሚባለውን መስመር እያንዳንዱ ለራሱ ያሰምራል።

ይህንን ስል ነገሩን አጣጥዬ እንዳይመስላችሁ። ተቃራኒውን ነው የማምነው። ፕሮቲን የማይሠሩ አርኤንኤዎች ክሊኒክ ከገቡ ቆይተዋል። በሌላ ስም ስለገቡ አላየናቸውም እንጂ። ለዚህ ምስክሩ ደግሞ እዚሁ ምሥራቅ አፍሪካ ነው።

በ1958 ካምፓላ ሙላጎ ሆስፒታል የሚሠራው ቀዶ ሐኪም ዴኒስ በርኪት ልጆች መንጋጋ ላይ የሚወጣ እብጠት ጻፈ። በርኪት ሊምፎማ የምንለው ነው። በ1961 ለንደን ሄዶ ስለዚሁ ንግግር አደረገ። አዳራሹ ውስጥ አንቶኒ ኤፕስታይን ተቀምጦ ነበር። ቫይረስ ይሆናል ብሎ ገመተ። ከዚያ በኋላ ከዩጋንዳ ናሙና በአውሮፕላን ይላክለት ጀመር። ሁለት ዓመት ሙሉ ምንም የለም። በታኅሣሥ 1963 አንዱ ናሙና የጫነው አውሮፕላን በጉም ምክንያት ለንደን ማረፍ አቅቶት ማንቸስተር አረፈ። ናሙናው ዘግይቶ ሲደርስ ፈሳሹ ደፍርሶ ነበር። ሌላ ሰው ቢሆን ተበላሽቷል ብሎ ይጥለው ነበር። ኤፕስታይን ግን አንድ ጠብታ ማይክሮስኮፕ ሥር አስቀመጠ። የደፈረሰው ባክቴሪያ ሳይሆን ከእብጠቱ ተናግተው የወጡ ሕያው የካንሰር ሴሎች ነበሩ። ከእነሱ ላይ ሴሎቹን አራባ። በየካቲት 1964 በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ሲያያቸው ቫይረሱን አገኘ። ኤፕስታይን-ባር ቫይረስ። የእኔን ናሙና ንጠት አበላሸው፤ የእሱን ንጠት አዳነው። ልዩነቱ እሱ ወዲያው አይቶ ማረጋገጡ ነው።

ይህ ቫይረስ ያለበት ሴል ውስጥ ኢበር የሚባሉ ሁለት ትንንሽ አርኤንኤዎች ያመርታል። አንዳቸውም ፕሮቲን አይሠሩም። ግን ብዛታቸው! በአንድ ሴል ውስጥ እስከ ሚሊዮን ቅጂ ይደርሳል። ፓቶሎጂስት፣ ማለትም ቲሹ የሚመረምረው ሐኪም፣ ሊምፎማ ሲጠራጠር የቲሹውን ስስ ቁራጭ በኢበር ያስቀልማል። ቫይረሱ ካለ የሴሉ ኒውክሊየስ ይቀለማል። ከሌለ አይቀለምም። ሰም ውስጥ ተቀብሮ ዓመታት የቆየ ቲሹ ላይ እንኳን ይሠራል። በመላው ዓለም የዘወትር ምርመራ ነው። አንዳንድ ሊምፎማዎች ላይ የቫይረሱ መኖር የበሽታውን ስም ራሱ ይለውጣል። በዕድሜ በገፉ ሰዎች ላይ ደግሞ ብዙ ጥናቶች ከከፋ አካሄድ ጋር ያያይዙታል።

አሁን የአጎቴን ወረቀት አስታውሱ። "ክሮሞዞም 13 ጎድሏል" ይላል። የጎደለው ምን እንደሆነ እናውቃለን። ሁለት ማይክሮ አርኤንኤዎች። ስለዚህ ለሲኤልኤል ታማሚ ይህ ምርመራ በተሠራ ቁጥር ፕሮቲን የማይሠራ አርኤንኤ የተጻፈበት ቦታ እየተመረመረ ነው። ወረቀቱ በዚያ ስም አይጠራውም እንጂ።

ኢበርና ክሮሞዞም 13 የተሳካላቸው ለምንድነው? ጥያቄያቸው "አለ ወይስ የለም?" ስለሆነ ነው ብዬ አምናለሁ። ሚር-155ና መሰሎቹ ያልተሳካላቸው ጥያቄያቸው "ምን ያህል አለ?" ስለሆነ ነው። "ምን ያህል" በሙቀቱ፣ በንጠቱ፣ በድንጋዩ ይናወጣል። ስለዚህ ቀለበት ሠርተው የሚዞሩት አርኤንኤዎች ይበልጥ ያጓጉኛል። ጫፍ ስለሌላቸው ቶሎ አይበሉም። አንዳንዶቹ ደግሞ ሁለት ክሮሞዞም ተሰብሮ ሲጋጠም ብቻ የሚፈጠሩ ናቸው። በ2016 ሉኬሚያ ላይ እንዲህ ያሉ ታይተዋል። ጤነኛ ሰው ላይ አይጠበቁም። አለ ወይስ የለም ነው።

ስለ መድኃኒትነታቸው አጭር ነገር ብቻ ልበል። ሚር-34 የሚባለውን ማይክሮ አርኤንኤ መስሎ የተሠራ መድኃኒት በ2013 ሰው ላይ ተሞከረ፤ በ2016 በከባድ የሰውነት መከላከያ ምላሽ ምክንያት ቆመ። በር ተዘግቷል አልልም። ግን ዛሬ በዚህ ተስፋ ሸጠው ገንዘብ የሚቀበሏችሁ ካሉ አትስጧቸው።

ከንግግሩ በኋላ ከተጠየቅኋቸው ጥያቄዎች ሁለቱን ጽፌ ላስቀምጥ።

አንዲት እናት ባለቤታቸው አኪዩት ሉኬሚያ እንዳለባቸው ነግረውኝ፣ "ውጭ የማይክሮ አርኤንኤ ምርመራ አለ ይባላል፤ ቤታችንን ሸጠንም ቢሆን እንላክ ወይ?" አሉኝ። እማማ፣ አይላኩ አልኳቸው። ምርመራ ከማሠራትዎ በፊት ሐኪሙን አንድ ነገር ይጠይቁት። "ውጤቱ ሲመጣ በሕክምናው ላይ የምትለውጠው ነገር አለ?" ይበሉት። ካለ ተገቢ ነው። ፒ53፣ ኤፍኤልቲ-3 የሚባለው ዘረ-መል፣ ክሮሞዞም፤ እነዚህ ሕክምና ይለውጣሉ። ከሌለ ገንዘቡ ለመድኃኒት፣ ለደም፣ ለትራንስፖርትና ለምግብ ይዋል።

አንድ ተማሪ ደግሞ "እኛ እዚህ ምን ማድረግ እንችላለን? ማሽኑ የለንም" አለኝ። ማሽን ችግር መሆኑን አልክድም። ግን ለቲቢ ምርመራ በየጤና ተቋሙ የገባውን ጂን ኤክስፐርት ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ለዚያው ማሽን ክሮኒክ ማይሎይድ ሉኬሚያ የሚባለውን ሌላ የደም ካንሰር የሚከታተል፣ ቢሲአር-ኤቢኤል የሚባለውን የዚያን በሽታ ምልክት የሚለካ ካርትሪጅ አለ። እሱም የሚለካው አርኤንኤ ነው፤ ፕሮቲን የሚሠራ ቢሆንም። መንገዱ ተጠርጓል ማለቴ ነው። ነገ አንድ የሚታመን ጠቋሚ ቢመጣ በዚያው ሊገባ ይችላል። የእኛ ታማሚዎች ላይ ይሠራል ወይ የሚለውን ግን ሌላ ሰው አይመልስልንም። ጥናቶቹ በአብዛኛው የተሠሩት አውሮፓና አሜሪካ ውስጥ ነው።

ለዚያ የሚያስፈልገው መጀመሪያ ማሽን አይደለም። ደሙ ስንት ሰዓት ተቀዳ፣ ስንት ሰዓት ሴረሙን ከሴሎቹ የሚለየው ሴንትሪፉጅ ውስጥ ገባ፣ ሴረሙ ምን መልክ ነበረው ብሎ መጻፍ ነው። ከዚያ ደግሞ ታማሚው ምን እንደሆነ ማወቅ ነው። የትንበያ ጥናት ማለት ዛሬ የለካኸውን ከአምስት ዓመት በኋላ ከደረሰው ነገር ጋር ማስተያየት ነው። የእኛ ታማሚ ከሩቅ ገጠር ይመጣል። አንድ ስልክ ቁጥር ይሰጣል። ያ ሲም በሁለተኛው ዓመት አይሠራም። ፋይሉ እዚያ ላይ ያበቃል። ሞተ? ዳነ? ሌላ ቦታ ሄደ? አናውቅም። ፍሪዘር ውስጥ ያለው ናሙና ያኔ ዋጋ ያጣል።

ስለዚህ ልጄ፣ ነገ ዋርድ ስትገባ ካርዱ ላይ ሁለት ስልክ ጻፍ አልኩት። አንዱ የታማሚው፣ ሌላው አብሮት ያስታመመው ሰው። ቀበሌውንም ጨምር። አጎቴ ይኸው አምስተኛ ዓመቱን ይዟል፤ ነጭ የደም ሴሉ 61,000 ደርሷል፣ መድኃኒት ገና አልጀመረም። ካርዱ ላይ ሁለተኛው ስልክ የእኔ ነው።